ሳንቆፍር እንለካ፤ ሰው ሳናወርድ እንፈትን

(በደብረ ታቦር ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ለተሰበሰቡ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ በሆኑ ዲያቆን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንናገረው ስለ በጀት ወይም ስለ ሲሚንቶ አይደለም። ከእግራችን በታች ስላለው፣ ዐይናችን ግን ስለማያየው ነገር ነው።

መነሻችን የራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የገጠር አጥቢያ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሆነን የውኃ ጉድጓድ በእጅ አስቆፈርን። ወሩ ጥቅምት ነበር። በ7 ሜትር ጥልቀት ውኃ ሲገኝ ሁላችንም ደስ አለን። ቆፋሪዎቹ 2 ሜትር ያህል ጨምረው አቆሙ፤ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ቀለበት ታነጸ፤ ጸሎት ተደረሰ፤ እልል ተባለ። ከወጪው ከፊሉን ያዋጡት የአጥቢያው እናቶች ነበሩ። በመጋቢት መጨረሻ መቅጃው ጭቃ ይዞ ይወጣ ጀመር። በሚያዝያ ጉድጓዱ ነጠፈ። እናቶችም ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቀደመው ምንጭ፣ ወደ ገደሉ ሥር ተመለሱ።

የደብሩ አስተዳዳሪ አባታችን «ልጆቼ፣ ውኃው ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ አንዳችንም አልለካንም ነበርና። በዚያው ስብሰባ አንዲት አዛውንት እናት ከኋላ ተነሥተው «የአጎቴ ጉድጓድ እዚያው አጠገብ ነበር፤ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ይነጥፍ ነበር። ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ኋላ ስንረዳው ውኃው የትም አልሄደም ነበር፤ በበጋው ከጉድጓዱ ወለል በታች ወርዶ ነበር እንጂ። ያን ጊዜ በእጃችን አንድ የተቋጠረ ሲባጎና አንድ ደብተር ቢኖር፣ የእኒያን እናትም ቃል አስቀድመን ብንሰማ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ድካም ባልባከነ ነበር።

ስለዚህ የዛሬው ቃላችን አንድ ነው፦ ምድርን ሳንጠይቃት አንቆፍር። መጠየቂያው መሣሪያ ውድ ስለ ሆነ ዝም ብለን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም፤ አብዛኛው በቤታችንና በዕቃ ቤታችን አለ። ነገር ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የሚናገርበት ወሰን አለው፤ ከወሰኑ አልፎ ያመነው ሰው ገንዘቡን፣ ሲከፋም ሕይወቱን ያጣል።

መለካት እምነት ማጣት ነውን?

አንዳንድ ወገኖች «ውኃ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ እኛ ምን እንለካዋለን?» ይሉናል። ስጦታ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ጌታችን በቅዱስ ወንጌል አስተምሮናል። ይስሐቅም የአባቱን የአብርሃምን ጉድጓዶች መልሶ ሲያስቆፍር አባቱ የቆፈረበትን ቦታ አውቆ እንደ ሆነ መጽሐፍ ይነግረናል። የቀደሙትን ጉድጓዶች ማወቅ የመጀመሪያው ጥናት ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ የምንጩን ውኃ ወደ ኢየሩሳሌም ከተማ ለማስገባት ያስቆፈረው ዋሻ 533 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ቆፋሪዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ከሁለቱም ጫፍ ዐለቱን እየጠረቡ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1880 በዋሻው ግድግዳ ላይ የተገኘው የዕብራይስጥ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ ሊገናኙ ሲቃረቡ በዐለቱ ውስጥ የጓደኞቻቸውን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ጆሮና መዶሻ የዋሻው መሣሪያዎች ነበሩ።

ከዚህ ከተማ ብዙም ሳንርቅ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች በዚያ ሰብስበው፣ በሀገር ሸክላና ድንጋይ በተሠራ ምድጃ ማዕድን አስቀልጠው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። መድፉ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ የነበረውን ፍጻሜ ሁላችን እናውቃለን። እኛ ከዚያ የምንወስደው የጦሩን ነገር አይደለም፤ ባለው ዕቃ የጎደለውን መሥራት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አለመሆኑን ነው።

ከእግራችን በታች ምን አለ?

የደጋችን ምድር በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ ራሱ የቀድሞ እሳተ ገሞራ ነው፤ ርብና ጉማራም ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከላይ ቀይ አፈር ወይም ዋልካ አለ፤ ከዚያ በታች የተሰነጣጠቀና የበሰበሰ ዐለት፣ ከዚያም በታች ድጅኖ የማይበግረው ጠጣር ድንጋይ ይገኛል። በእጅ ቆፍረን የምናገኘው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛው ክፍል፣ በስንጥቆቹ ውስጥ ያለው ነው። በፎገራ ሜዳ ግን ወንዞቹ ያመጡት ደለል ወፍራም ስለ ሆነ ነገሩ ይለያል።

በስንጥቅ ውስጥ ያለ ውኃ ለሁሉ እኩል አይከፋፈልም። በአንዱ ጓሮ በ5 ሜትር ይገኛል፤ 40 እርምጃ ራቅ ብሎ በ15 ሜትርም ላይገኝ ይችላል። ክረምት ሲገባ ከፍ ይላል፤ በመስከረም ገደማ ይሞላል፤ እስከ ግንቦት እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ በጥቅምት የተገኘ ውኃ ገና ያልተፈተነ ውኃ ነው። ጉድጓድ የሚቆፈረውም ሆነ የሚጠለቀው ውኃው እጅግ በወረደበት በሚያዝያና በግንቦት ቢሆን መልካም ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ፦ የተቋጠረ ገመድ

የማይለጠጥ ሲባጎ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ውሰዱ። የሚለጠጥ ገመድ ይዋሻል፤ አስቀድማችሁ አርጥቡት፣ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ ሳቡት፣ ከዚያ በኋላ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቋጥሩበት። በጫፉ አንድ ወገኑ የተዘጋ አጭር የብረት ቧንቧ፣ ክፍት አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩ። ይህ ቧንቧ የውኃውን ገጽ ሲመታ «ቷ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ አረጋግጡ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ ምልክት ካደረጋችሁበት አንድ ቦታ ጀምራችሁ ለኩ።

የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያለው ወጣት በአጥቢያችሁ ካለ ሁለት ጫፉ የተላጠ መንታ ሽቦ አውርዶ ከቴስተር ጋር ሊያገናኘው ይችላል። ሽቦዎቹ ውኃ ሲነኩ ውኃው ያገናኛቸዋል፤ ቴስተሩም ይናገራል። በባትሪ አምፖል ሊሠራው የሚሞክር ሰው ግን ይቸገራል፤ የጉድጓድ ውኃ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አምፖሉን አያበራውም። የጉድጓዱን ግድግዳ ለማየት ደግሞ ፀሐይ ከፍ ስትል በመስተዋት ብርሃኑን ወደ ውስጥ ብትመልሱ ወለሉ ድረስ ይታያችኋል።

ሁለት ነገር አትርሱ። ወደ መጠጥ ውኃ የሚገባ ገመድና ብረት በበረኪና ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው በሽታ እንዳንወስድ። ልኬቱም ሰው መቅዳት ሳይጀምር በማለዳ ይሁን። እንዳይዘነጋ በየወሩ መባቻ፣ በልደታ ዕለት፣ የኪዳን ደወል ሲሰማ ቢሆን ለሁሉም የሚመች ቀን ይመስለናል። ቀኑንና ጥልቀቱን በደብተር ጻፉ። አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ያ ገጽ ለአጥቢያው የሚነግረው ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ጉድጓዱ ስንት ሰው ያጠጣል?

በዚያው ገመድ ሌላም ጥያቄ ይመለሳል። ብዙ ውኃ ከተቀዳ በኋላ መቅዳት አቁማችሁ ውኃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚመለስ ለኩ። የጉድጓዱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1.2 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 113 ሊትር ያህል ውኃ ማለት ነው። በሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር ከተመለሰ 226 ሊትር፣ ማለትም 11 ጀሪካን ገደማ ይሆናል። በሀገራችን የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የታሰበው መጠን በቀን ለአንድ ሰው 25 ሊትር ነበር። የጉድጓዱን አቅም በዚህ አካፍሉት፤ ውኃው ከፍ እያለ ሲሄድ አመላለሱ ስለሚዘገይና በጋው ስለሚያከብደው ግን ካገኛችሁት ቍጥር እኩሌታውን ብቻ ተስፋ አድርጉ። ለ200 ቤተሰብ ቃል ገብቶ ለ40 ከመድረስ፣ ለ40 ቃል ገብቶ መፈጸም ይሻላል።

ውኃው ወዴት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በተባለ መንደር ኮሌራ ብዙ ሰው ፈጀ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት እየቈጠረ አብዛኞቹ ከአንድ የውኃ መሳቢያ ይጠጡ እንደ ነበር አሳየ፤ የመሳቢያው እጀታም እንዲነሣ ተደረገ። በኋላ ሲመረመር ከጉድጓዱ አጠገብ የፍሳሽ ጉድጓድ ተገኘ። ውኃው ሲያዩት ጥሩ ይመስል ነበር።

በእኛም አጥቢያ የቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ፣ የአብነት ተማሪዎቹ ጉድጓድና መጸዳጃ ቤት ተቀራርበው ይገኛሉ። ብዙዎቻችን «መጸዳጃው ከታች ነው፤ ስለዚህ ችግር የለም» እንላለን። የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ጊዜ የመሬቱን ተዳፋት ይከተላል፤ ሁልጊዜ ግን አይከተልም። ይህን ለማወቅ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ቱቦውን አረፋ እንዳይቀርበት አድርጋችሁ ውኃ ሙሉት፤ በሁለቱ ጫፎች የሚታየው ውኃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚህ የአንዱ ጉድጓድ አፍ ከሌላው ስንት ዝቅ እንደሚል ይታወቃል።

ምሳሌ እንስጥ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ አፍ 10 ሜትር ብለን እንሰይመው። ውኃው ከአፉ 6.4 ሜትር ወርዶ ተገኘ፤ ስለዚህ የውኃው ከፍታ 3.6 ነው። የሁለተኛው ጉድጓድ አፍ 1.2 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ይኸውም 8.8 ነው። ውኃው ከአፉ 4.6 ሜትር ወርዶ ተገኘ፤ ከፍታው 4.2 ሆነ። እንግዲህ በመሬት ዝቅ ያለው ጉድጓድ በውኃው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይሄዳልና ከሁለተኛው አጠገብ ያለው መጸዳጃ ለመጀመሪያው ጉድጓድ ስጋት ነው፤ ዐይን ግን ተቃራኒውን ፈርዶ ነበር። በሁለት ጉድጓድ ብቻ የውኃው ትክክለኛ አቅጣጫ አይታወቅም፤ በአንድ መስመር ላይ ያልሆነ ሦስተኛ ጉድጓድ ሲጨመር ግን ይታወቃል።

በተለምዶ የሚመከረው መጸዳጃ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውኃው ገጽ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ነው። እንደ እኛ ባለ የተሰነጣጠቀ ዐለት ውስጥ ግን ቆሻሻ ሩቅ ሊጓዝ ስለሚችል ርቀቱ ቢጨመር እንጂ ቢቀነስ አይገባም። ገመዱም ቱቦውም ውኃው ንጹሕ መሆኑን አይናገሩም። ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ይህን ለመፍረድ ናሙናውን ወደ ወረዳው የውኃ ወይም የጤና ጽሕፈት ቤት ማድረስ ግድ ነው።

ጠርሙስና ጣሳ

በቁፋሮ ጊዜ በየ1 ሜትሩ ከሚወጣው አፈር አንድ እፍኝ ውሰዱ። በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጣችሁ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ሸክላው ቀናት ውኃውን አደፍርሶ ይቆያል። አሸዋ የበዛበት አፈር ውኃ ያሳልፋል፤ ሸክላ የበዛበት ይይዛል እንጂ በቀላሉ አይሰጥም። ጠርሙሶቹን ጥልቀታቸውን ጽፋችሁ በተርታ ብታስቀምጧቸው ለሚቀጥለው ቆፋሪ የምድሪቱ መጽሐፍ ይሆኑለታል።

ሁለቱም ወገን የተቈረጠ የወተት ጣሳ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ጣሳውን ጥቂት ወደ መሬት አስገቡት፤ ውኃ ሙሉበት፤ በስንት ደቂቃ እንደሚሰርግ ቍጠሩ። ይህን አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ወይራ ሥር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ከብት በረገጠው ሜዳ ላይ አድርጉት። ውጤቱን እኛ ከምንነግራችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በዐይናቸው ቢያዩት ይሻላል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን የመሰሉ ምሁራን በዞናችን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ለዓመታት አጥንተዋል፤ በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራም ደክመዋል። ያ ካብ ዛፉን ብቻ ሳይሆን ዝናብ ወደ ምድር የሚገባበትን በር ጭምር ይጠብቃል።

አራት የብረት ካስማዎች

ከዚህ ጠለቅ ብሎ መጠየቅ ለሚወድም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርገር በኖርማንዲ ባለ የቤተሰብ ርስት ላይ ብረት እየተከለ በመሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች ጥልቅ ጉድጓድ ከማስቆፈራቸው በፊት የሚያደርጉት ጥናት ከዚያ የመጣ ነው። አራት ካስማዎች በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት ይተከላሉ። በዳርና በዳር ባሉት ሁለቱ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ኤሌክትሪክ ይላካል፤ በመካከል ባሉት ሁለቱ የሚገኘው ቮልት በቴስተር ይለካል። ካስማዎቹ በተራራቁ ቍጥር መልሱ ከጥልቅ ይመጣል። የባትሪውን ሽቦዎች አቀያይሮ ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል። ጠጣር ጥቁር ድንጋይ ኤሌክትሪክን በጣም ይከለክላል፤ ውኃ የያዘ ስንጥቅ ያነሰ ይከለክላል፤ እርጥብ ሸክላ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ይከለክላል።

ወሰኑም እዚህ ላይ ነው፤ ሸክላ ውኃ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ይህን ለትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራንና ተማሪዎች መልካም ትምህርት እንዲሆን እንመክራለን እንጂ በዚህ ብቻ የምእመናንን ገንዘብ እንድታወጡ አንመክርም። ከቤት መብራት መስመር ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መላክ ደግሞ ሰው ይገድላልና ፈጽሞ አይሞከር።

የጧፉ ነበልባልና የሰው ነፍስ

አባቶቻችን ሆይ፣ እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቢሳሳት የሚጠፋው ገንዘብ ነው። ይህ ግን ነፍስ ነው፤ ስለዚህ በጥሞና እንድትሰሙን እንለምናለን።

በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየር አይንቀሳቀስም። ከአየር የሚከብድ ጋዝ ወደ ታች ይከማቻል፤ ኦክስጅንም ይጎድላል። የቀድሞ ሰዎች ጧፍ ወይም ፋኖስ በገመድ አውርደው፣ ከጠፋ አንወርድም ይሉ ነበር። ይህ ብልሃት ግማሽ እውነት አለው። በተለመደው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 ከመቶ ገደማ ነው፤ ሰው በደኅና ሊሠራ የሚችለው ከ19.5 ከመቶ ሳያንስ ነው፤ ነበልባል የሚጠፋው ግን 16 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ጧፉ እየበራ ሰው ሊደክም፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ደግሞ ጧፍ ከቶ አያውቀውም። ተቀጣጣይ ጋዝ ካለም እሳቱ ራሱ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ ጧፉ ከጠፋ በፍጹም አይወረድም፤ ጧፉ ቢበራ ግን ለመውረድ ፈቃድ አይደለም።

በቤንዚን የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወደ ጉድጓድ ውስጥ አይውረድ፤ በአፉ ላይም አይቁም። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ሽታው ባይከብድም ይገድላል። አየር ለማስገባት የአንጥረኛ ወናፍ ከረጅም ቱቦ ጋር አገናኝቶ የቱቦውን ጫፍ እስከ ወለሉ አውርዶ መንፋት ይረዳል፤ ቆፋሪው በውስጥ እስካለ ድረስም ንፋሱ አይቋረጥ። የሚወርድ ሰው ከደረቱ በታጠቀው ገመድ ይታሰር፤ በላይ ቢያንስ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ገመዱን ይያዙ፤ በየጊዜው ስሙን ጠርተው ያናግሩት። መልስ ካቆመ በገመዱ ይጎተት። እርሱን ለማውጣት ሌላ ሰው ተከትሎ አይውረድ። ወንድሙን ሊያድን የወረደ ወንድም አብሮ ይቀራል፤ አንድ ኀዘን ሁለትና ሦስት ይሆናል። የጋዝ መለኪያ ያለው ባለሙያ ሊገኝ ከቻለ ደግሞ እርሱን መጠበቅ ፈሪነት አይደለም።

በጉድጓድ የሚሠሩት አብዛኞቹ የአጥቢያችን ድኾች ወጣቶች ናቸው፤ «አልወርድም» ለማለት የሚደፍሩ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ «አትውረድ» የሚለው ቃል ከሰበካ ጉባኤው ይውጣ።

የምንለምናችሁ

ይህ ሁሉ የምሁራን ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ቢኖር በክልላችን በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ የሆነውን ይስማ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የቀበሌው ነዋሪዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶቻቸውን ውኃ ራሳቸው እየለኩ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት የገበሬዎቹን መዝገብ ከሌሎች ምንጮች ጋር አነጻጽሮ የሚታመን ሆኖ አገኘው። ገበሬ የጻፈው ቍጥር ለሳይንስ ከበቃ ለሰበካ ጉባኤ ውሳኔማ እንዴት አይበቃም?

ኮሚሽናችን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና የተራድኦ እጅ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ያ እጅ የሚበረታው ከአጥቢያ የሚመጣው ጥያቄ በልኬት ሲደገፍ ነው። «ጉድጓድ ይቆፈርልን» ከሚል ማመልከቻ ጋር የዓመቱ ልኬት የተጻፈበት አንድ ገጽ ቢያያዝ ለሚወስነው ባለሙያ ሥራውን ያቀልለታል፤ እኛንም ከቀድሞው ስሕተታችን ይጠብቀናል።

ስለዚህ ከዚህ ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድታደርጉ በትሕትና እንለምናለን። አንደኛ፣ ከአዛውንቶቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የትኛው ጉድጓድና ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚነጥፍ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ እናቶችን አስቀድሙ፤ ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ገመድ ቋጥራችሁ ከሚመጣው ልደታ ጀምራችሁ ለኩ። ሦስተኛ፣ ስለ ጉድጓድ መውረድ የተናገርነውን ደንብ በቃለ ጉባኤ አጽድቁ፤ ከቅዳሴ በኋላም ለምእመናን አንብቡላቸው።

የነጠፈውን ጉድጓድ ነገር ሳንፈጽም አንሄድም። በተከታዩ ግንቦት ውኃው እጅግ ባነሰበት ጊዜ፣ ገመድ ይዘን፣ አየሩን አስነፍተን፣ ያው ጉድጓድ 3 ሜትር ተጨምሮ እንዲጠለቅ ተደረገ። በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም እኩሌታ እኒያ አዛውንት እናት በማለዳ መጥተው ገመዱ ሲወርድ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ብረቱ ውኃውን ሲመታ ድምፁን ሰሙ። «አሁን ጠየቃችሁት» አሉን።

ልዑል እግዚአብሔር የምንጮቻችንን በረከት ያብዛልን፤ የሚቆፍሩትን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።